ካርታው የማን ነው? ከማውንት ቤከር እስከ ጃናሞራ

በሲያትል ደቡብ ምሥራቅ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው የምኖርበት ሰፈር ማውንት ቤከር ይባላል። ስሙን የወሰደው በጠራ ቀን በሰሜን አድማስ ከሚታየው፣ 3,286 ሜትር ከፍታ ካለው በረዶ የለበሰ እሳተ ገሞራ ነው። ተራራው ደግሞ የተሰየመው ጆሴፍ ቤከር በተባለ የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። በ1792 የካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር መርከብ ወደዚህ ጠረፍ ስትቀርብ ተራራውን ከሌሎቹ ቀድሞ ያየው እርሱ ስለ ነበር አለቃው በስሙ መዘገበለት። ቤከር የጉዞውን የባሕር ካርታዎች ከሚያዘጋጁት መኮንኖች አንዱ ነበር። የሰፈሬ ስም እንግዲህ የአንድ ካርታ ሠሪ ስም ነው። የኑክሳክና የሉሚ ሕዝቦች ተራራውን በየቋንቋቸው ሲጠሩት ዘመናት አልፈው ነበር፤ በካርታው ላይ የሰፈረው ግን ብዕሩን የያዘው ሰው ስም ሆነ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በማእድ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አንድ ሉህ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ጃናሞራ ተወልደው፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ እረኛ ሆነው ያደጉ ሰው ናቸው። ወደ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ የባሕር ዳርቻ አብረን ልንጓዝ አስበን፣ የአካባቢውን ዝርዝር የመልክዓ ምድር ካርታ ዘርግቼ መንገዱን አሳየኋቸው። ያ ጠረፍ መኪና የማይገባበት ዱር ነው። ወደ ባሕሩ የሚሾሉ የቋጥኝ አፍንጫዎች አሉት፤ አንዳንዶቹን በእግር መዞር የሚቻለው ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹን ፈጽሞ መዞር አይቻልም። ለመንገደኛ የሚታተሙት ካርታዎች የትኛውን አፍንጫ በምን ያህል የውኃ ከፍታ ማለፍ እንደሚቻል፣ ባሕሩ ሲሞላ በጫካው ውስጥ የሚወጣው መሻገሪያ ከየት እንደሚጀምር ያመለክታሉ። ካርታውንና የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰሌዳ አስተያይቶ ያልሄደ ሰው በገደልና በማዕበል መካከል ሊያዝ ይችላል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይህን ሁሉ ለክተው የጻፉት ለማን ብለው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው፤ የታሪክም ጥያቄ ነው። አንድ መንግሥት ምድሩን ለማን ብሎ ይለካል? የልኬቱስ ውጤት የማን ንብረት ነው? ከዚህ በታች የጻፍሁት ለጥያቄያቸው መልስ ለመስጠት ያደረግሁት ሙከራ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመንገደኛ የተተወ ካርታ

የአሜሪካ ሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1879 ነው። በ1884 የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጆን ዌስሊ ፓውል የመላ አገሪቱ ካርታ በተከታታይ እንዲነሣ ኮንግረሱን አሳመነ። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ሥራው በ1:24,000 ስኬል ላይ አተኮረ፤ ይኸውም በሉሁ ላይ ያለው 1 ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ 240 ሜትር ማለት ነው። ከአላስካ በቀር አህጉራዊውን የአገሪቱን ክፍል የሸፈነው ይህ ተከታታይ ሥራ በ1992 ሲጠናቀቅ ከ55,000 በላይ ሉሆች ነበሩት። ከፓውል ቀን እስከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከሥራው ስፋት ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሕጉ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው የሚያዘጋጁት ነገር በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የለውም። ስለዚህ ማንኛውም ሰው የመንግሥቱን ካርታ ወስዶ፣ የእግር መንገዶችን ጨምሮበት፣ የባሕሩን አደጋ አመልክቶበት፣ አትሞ ሊሸጠው ይችላል። በጠረጴዛችን ላይ የተዘረጋው ሉህ የዚህ ሕግ ልጅ ነው። የከፍታ መስመሮቹ መሠረት በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተለካ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ጠቃሚ ዝርዝር ደግሞ የግል አሳታሚ ትጋት ነው። ዛሬ ከ178,000 በላይ የሆኑ አሮጌ የመልክዓ ምድር ሉሆች በዲጂታል ቅጂ ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

የዚህን ውጤት በቁጥር ብቻ መመዘን ይከብዳል። በነሐሴ 1958፣ በዚሁ የኦሎምፒክ ጠረፍ ላይ አውራ ጎዳና እንዲሠራ ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ሰባ ያህል ሰዎችን አስከትለው ከኬፕ አላቫ እስከ ሪያልቶ ያለውን 35 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጓዙ። ጎዳናው አልተሠራም። በ1988 ያ ጠረፍ በሕግ የተጠበቀ ዱር ሆነ። ምድሩን የሚያውቅ ዜጋ በምድሩ ላይ ስለሚወሰነው ነገር ከመንግሥቱ ጋር መከራከር ይችላል፤ ዝርዝር ካርታ በእጁ ያለው ሰው ክርክሩን ከባለሥልጣኑ እኩል ይጀምራል።

አሜሪካን ለማወደስ አይደለም ይህን የምለው። ኬፕ አላቫ አጠገብ ያለው ኦዜት የማካህ ሕዝብ መንደር ነበር፤ አንድ ክፍሉ በጭቃ ናዳ ተቀብሮ ኖሮ ከ1970 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ከ50,000 በላይ ቅርሶች ወጥተውበታል። የዚያ ሕዝብ የጠረፍ እውቀት በመንግሥቱ ካርታ ላይ የሰፈረው በጥቂቱ ነው። ለማን ተለካ የሚለው ጥያቄ እዚህም ሙሉ መልስ አላገኘም። ቢሆንም አንድ ነገር የተለየ ነው፤ አንዴ የተለካው ለሁሉ ተትቷል።

ለዘመቻ የተነሣ ካርታ

የእኛ አገር የካርታ ታሪክ ሌላ መንገድ ይዞ ነው የመጣው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን በመሣሪያ የለካት ትልቁ ሰው አንትዋን ዳባዲ ነበር። ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1848 ድረስ በሰሜንና በደቡብ ሲዘዋወር፣ ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ በሦስት ማዕዘን ልኬት የቦታዎችን አቀማመጥ አሰላ፤ ውጤቱን ከ1860 ጀምሮ በፓሪስ አሳተመ። ይህ ሰው በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ያዘጋጀ የቋንቋ ተማሪ መሆኑን አንዘንጋ። ተራራን ለመለካት መነጽር ይበቃል፤ የተራራውን ስም ለመጻፍ ግን የአገሬውን ሰው መጠየቅና የሚለውን መስማት ያስፈልጋል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ከዳባዲ በኋላ የመጡት ለካዮች ከጦር ጋር የመጡ ናቸው። በ1867 እና በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ መንገዱን እየለካ፣ ውኃውንና መተላለፊያውን እየመዘገበ ነበር። ክሌመንትስ ማርካም የጂኦግራፊ ባለሙያ ሆኖ ተከትሎት ነበር። የተገኘው እውቀት ለንደን ገባ። በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ግን ከልኬቱ ያተረፈው ነገር የለም።

የዓድዋ ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ትምህርት አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የጄኔራል አልበርቶኔ ጦር ከባራቲየሪ በተሰጠው ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ ወደ ተጻፈው ኮረብታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ኪሎ ሜትሮች ወደፊት መሆኑን ነገሩት። አልበርቶኔ ወደፊት ገፋ፤ ከሌሎቹ ዓምዶች ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ብቻውን ተፋጠጠ። የዓድዋን ድል በአንድ የካርታ ስሕተት ማስረዳት የአርበኞቹን ተጋድሎና የዳግማዊ ምኒልክን አመራር መናቅ ይሆናል። ነገር ግን የጠላት ጦር አንዱ ክንድ የተቆረጠው ስም በተሳሳተ ቦታ ስለ ተጻፈ መሆኑ አይካድም።

ይህ ታሪክ በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። አንዱ ንባብ፣ ምድራችን ለባዕድ አለመታወቁ ምሽጋችን ነበር፤ ስለዚህ ካርታ ይደበቅ የሚል ነው። ሁለተኛው ንባብ፣ በዚያ ሌሊት ካርታውም ስሙም በአገሬው ሰዎች ልብ ውስጥ በትክክል ነበር፤ ያሸነፈውም ያ እውቀት ነው የሚል ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን መንግሥቶቻችን የመጀመሪያውን ንባብ መረጡ ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ከሐይቅ በታች ያለው መነሻ

በ1954 የካርታና የጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በ1957 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ደግሞ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ተጀመረ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ ግብፅ የአስዋንን ትልቅ ግድብ ለመሥራት ወደ ሶቪየት ኅብረት ባዘነበለች ጊዜ፣ ዋሽንግተን የዓባይን ምንጭ ማጥናት ተገቢ ሆኖ አገኘችው። የአሜሪካ የመስኖ ልማት ቢሮ ጥናቱን በ1964 በብዙ ጥራዞች አስረከበ። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር የተባሉ አራት ግድቦችን አሳየ። በ2011 የተጀመረውና በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የቆመው በዚያ ጥናት ቦርደር ተብሎ በተጠቆመው ሥፍራ አቅራቢያ ነው። አንድ ካርታ ከተነሣ በኋላ ጥቅሙ ስንት ትውልድ ሊጠብቅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ለተፋሰሱ ጥናት ሲባል ከግብፅና ከሱዳን ድንበር አንሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ የልኬት መረብ ተዘረጋ። እያንዳንዱ የካርታ ሥራ አንድ መነሻ ነጥብ ይፈልጋል፤ የሌላው ቦታ ሁሉ አቀማመጥ ከዚያ ነጥብ ይሰላል። ለእኛ የተመረጠው መነሻ አዲንዳን የተባለ፣ በኑብያ ምድር በዓባይ ዳር ያለ ነጥብ ነበር። የአስዋን ግድብ ሲጠናቀቅ አዲንዳን ከመንደሩ ጋር በናስር ሐይቅ ሰጠመ። የኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ በወረቀት ላይ የተለኩበት ነጥብ እንግዲህ ዛሬ ግብፅ ውስጥ፣ ከዓባይ ውኃ በታች ነው። ልቦለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አርታኢው የሚሰርዘው ዓይነት ነገር ነው።

ነገሩ ከግጥምጥሞሽ ያለፈ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የዛሬው የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። በአዲንዳን ላይ የተመሠረተ አሮጌ ሉህ ይዞ፣ ልዩነቱን ሳያስተካክል የጂፒኤሱን ቁጥር በሉሁ ላይ የሚያሳርፍ መንገደኛ ከእውነተኛ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። በ1:50,000 ካርታ ላይ ይህ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጣት ይሸፍነዋል። በስሜን ግን 200 ሜትር ማለት በመንገዱና ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው ገደል መካከል ያለው ርቀት ሊሆን ይችላል።

በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ የካርታ ተልእኮ በአየር ፎቶግራፍና በሄሊኮፕተር ሥራውን ቀጠለ። በኋላም የ1:50,000 ሉሆች በየተራ ታተሙ። እያንዳንዱ ሉህ በኬክሮስና በኬንትሮስ የዲግሪን ሩብ ይሸፍናል፤ ይህም ወደ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ሒሳብ መላ አገሪቱን ለመሸፈን 1,500 ያህል ሉሆች ያስፈልጋሉ። ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የከፍታ መስመር መሥራት ለሠለጠነ ባለሙያ የሚቻል ነው። የመንደሩን፣ የምንጩን፣ የወንዙን ስም ግን ፎቶግራፉ አይናገርም፤ ሰው ወርዶ መጠየቅ ነበረበት። ከሄሊኮፕተር የወረደ እንግዳ በአስተርጓሚ ጠይቆ፣ በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ወደሚቀጥለው ኮረብታ ሲበር የሚያመጣው ስም ምን ዓይነት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁሉ መካከል የአንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር ሥራ መጠቀስ አለበት። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1962 የመጀመሪያ ረቂቅ አትላስ፣ በ1970 ደግሞ የተሟላ የኢትዮጵያ አትላስ አሳተሙ። በኋላ ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኀብ መጋለጥ የጻፉትን የሚያነብ ሰው፣ ያ ጥናት ከካርታ ሠሪ ዓይን የወጣ መሆኑን ያስተውላል። የት እንደሚራብ ለማወቅ የት ማን እንደሚኖር ማወቅ ይቀድማል።

የምሥጢር ዋጋ

በ1980 የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት በአዋጅ ተቋቋመ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና ካርታ የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ መታየቱ አይገርምም። ዝርዝር ሉሆችን ለመግዛት የድጋፍ ደብዳቤ ማቅረብ ለብዙ ዓመታት የተለመደ አሠራር ሆነ፤ የድንበር አካባቢ ሉሆች ደግሞ ይበልጥ ይጠበቁ ነበር። የስሜንን ተራሮች በእግራቸው ለሚጎበኙ ሰዎች የተሻለው ካርታ የታተመው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ነው። በጃናሞራ ተወልዶ የጃናሞራን ካርታ ለማየት የሚሻ ሰው ከአዲስ አበባ ይልቅ በበርን መንገዱ ይቀለው ነበር።

የጸጥታውን መከራከሪያ በቅንነት ልመዝነው እወዳለሁ፤ በብዙ ጦርነት ያለፈች አገር ጥንቃቄዋ ምክንያት አለው። ግን ምሥጢሩ የተጠበቀው ከማን ነበር? የአሜሪካ ጦር ካርታውን ራሱ ያነሣው ነው። የሶቪየት ጦር ጠቅላይ መምሪያ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛውን ዓለም የሚሸፍኑ ወታደራዊ ካርታዎች ነበሩት፤ ኅብረቱ ሲፈርስ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ገበያ ወጡ። በየካቲት 2000 አንዲት የጠፈር መንኮራኩር በአሥራ አንድ ቀናት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን የዓለም የብስ ከፍታ በራዳር ለካች፤ በ2014 የዚህ ልኬት ዝርዝር ቅጂ ለሕዝብ ሲለቀቅ ቅድሚያ የተሰጣት አህጉር አፍሪካ ነበረች። ኃያላኑ ሁሉ ካርታው ነበራቸው። ያልነበረው የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ የመምህራን ማሠልጠኛው ተማሪ፣ መንገድ ለመቀየስ የሚሻው ማኅበረሰብ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የገንዘብ ነው፤ ካርታ ውድ ስለሆነ ወጪው በሽያጭ ይመለስ የሚል። እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ነውና ትንሽ ልዘግይ። ካርታ ለማንሣት የሚወጣው ገንዘብ ትልቅ ነው፤ አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን ተጨማሪ ቅጂ የመስጠት ወጪ ከኢምንት ይቆጠራል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ዋጋ ወይም ፈቃድ ሲጫንበት የሚገኘው ገቢ ጥቂት ነው፤ የሚቀረው አገልግሎት ግን ብዙ ነው። የቀረው አገልግሎት በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይታይ ኪሳራው አይታወቅም።

ኪሳራው የታየበት አንድ አጋጣሚ አለ። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የሚያነሡት ምስል በአንድ ወቅት እያንዳንዱ እስከ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሽያጩ እጅግ ደራ በተባለበት በ2001 የተሸጠው 25,000 ያህል ምስል ነበር። በ2008 ዋጋው ተነሥቶ በነጻ ሲለቀቅ፣ ብዙም ሳይቆይ በዓመት የሚወሰደው ምስል ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ምስሉ ያው ነበር፤ የተለወጠው በሩ ብቻ ነው። የአሜሪካ ሥነ ምድር መሥሪያ ቤት የአገሪቱን ከፍታ በሌዘር እንደገና ለመለካት ባቀደ ጊዜም የሚገኘውን ጥቅም በዓመት 690 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም ለአንድ ዶላር ወጪ አምስት ዶላር ያህል ገምቶታል። ጥቅሙ ተበትኖ ያለው ጎርፍ በሚከላከለው፣ መስኖ በሚቀይሰው፣ መንገድ በሚሠራው እጅ ነው። መረጃው ለእነዚህ ሁሉ እጆች ክፍት ካልሆነ ያ ሒሳብ አይሠራም።

ብሪታንያም በዚህ መንገድ አልፋለች። የካርታ መሥሪያ ቤቷ በ1791 ለጦር ሥራ የተቋቋመ ነው፤ በ2010 ከመረጃው ከፊሉን በነጻ ለቀቀ። ኢትዮጵያ ከሌሎች በተለየ ዘጋች ማለት አይቻልም፤ ሌሎች ሲከፍቱ እኛ ዘግይተናል ማለት ግን ይቻላል።

ቤለሳ አንድ፣ ቤለሳ ሁለት

የከፍታው መስመር ዛሬ ከጠፈር በነጻ ይገኛል ካልን፣ አሮጌዎቹ ሉሆች ምን ዋጋ ቀራቸው? መልሱን ያገኘሁት ከጋሼ ነው።

የኦሎምፒክን ካርታ ባየን በሳምንቱ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን የጃናሞራ አካባቢ ሉህ ቅጂ አሳትሜ ሰጠኋቸው። የከፍታ መስመር ማንበብ በአንድ ምሽት ለመዱ፤ እረኛ የነበረ ሰው ገደልን በወረቀትም ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያኑን አገኙ፤ የገበያውን ሜዳ አገኙ። የመንደራቸውን ወንዝ ሲያገኙ ግን ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ስም ውሸት አይደለም። ግን የቆላ ሰዎች የሚሉት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ስም አለው፤ ከእኛ በላይ ደግሞ ሌላ» አሉኝ።

በአገራችን አንድ ወንዝ በየአገሩ ስሙን እየለወጠ እንደሚወርድ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ካርታ ግን አንድ መስመር አንድ ስም ይፈልጋል። ይህ ተራ የካርታ ሠሪዎች ችግር ይመስላል፤ ሆኖም ሕይወት የተከፈለበት ነው። በሐምሌ 1900 ምኒልክና ኢጣልያ በተዋዋሉት ድንበር ላይ ከመስመሩ ከፊሉ መረብን፣ ቤለሳንና ሙናን ተከትሎ እንደሚሄድ ተጽፏል። የውሉ ካርታ የተመሠረተው በ1894 በወጣ ዴ ሾራን የተባለ ኢጣልያዊ ባዘጋጀው ካርታ ላይ ነበር። መቶ ዓመት አልፎ፣ ከ1998 እስከ 2000 ከተደረገውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ካለቁበት ጦርነት በኋላ፣ የኢትዮ ኤርትራ የድንበር ኮሚሽን እነዚያን ስሞች በምድሩ ላይ ሲፈልግ አንዳንዶቹ ስሞች ከወንዞቹ ጋር አልገጠሙም። ዳኞቹ በውሳኔያቸው ውስጥ ሁለት ወንዞችን ለመለየት ቤለሳ «ኤ» እና ቤለሳ «ቢ» እያሉ ለመጻፍ ተገደዱ። ውሳኔው በሚያዝያ 2002 ተሰጠ፤ በምድር ላይ ምልክት መትከል ስላልተቻለ ኮሚሽኑ በ2006 መስመሩን በካርታ ላይ በነጥቦች ዘርዝሮ ሥራውን በ2007 ዘጋ።

የጦርነቱ ምክንያት ካርታ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቶቹ ብዙዎች ናቸው፤ አንባቢም ያውቃቸዋል። ሰላም ሲፈለግ ግን መጨረሻ ላይ የተደረሰበት ጥያቄ ጋሼ በማእድ ቤታችን ያነሡት ጥያቄ ነበር፤ ይህን ወንዝ ማን፣ የት ላይ፣ ምን ብሎ ይጠራዋል? ይህን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ብዙዎቹ ግን ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚያውቁትን የጠየቃቸውም የለም። ከጠፈር የሚለካ ከፍታ ነገም ሊለካ ይችላል። ስም ግን ከአንድ ትውልድ ጋር ይቀበራል። የአሮጌዎቹ ሉሆች ትልቁ ሀብት፣ እንከናቸውም፣ የተሸከሙት ስም ነው።

ምን ይደረግ

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው፣ የ1:50,000 ሉሆች በሙሉ በዲጂታል ቅጂ፣ ያለ ክፍያና ያለ ደብዳቤ ለሕዝብ ይለቀቁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጠፈር ሳይንሱንና የካርታውን ሥራ አንድ ላይ የያዘ ኢንስቲትዩት አለን፤ በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ያመጠቀች አገር የ1970ዎቹን ወረቀት የምትደብቅበት ምክንያት አይታየኝም። መንግሥት የምር የሚያሰጋው ተቋም ካለ ያን ለይቶ መከለል ይችላል፤ ለዚያ ሲባል መላውን አገር መሸፈን አያስፈልግም።

ሁለተኛው፣ ከእያንዳንዱ ሉህ ጋር ከአዲንዳን መነሻ ወደ ዛሬው የጂፒኤስ መነሻ የሚያሸጋግረው ስሌት በግልጽ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ይጻፍ። ስሌቱ የታወቀ ነው፤ የጎደለው የሚጠቀምበት ሰው ዘንድ መድረሱ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የስሞች መዝገብ ነው። በየወረዳው የወንዙ፣ የተራራው፣ የምንጩ፣ የመሻገሪያው ስም በነዋሪው ቋንቋና ፊደል፣ ስሙ ከየት እስከ የት እንደሚሠራ ተለይቶ፣ ሁለት ስም ካለ ሁለቱም ይመዝገቡ። ይህ ሥራ ሊያከራክር እንደሚችል አልዘነጋሁም፤ በዛሬይቱ ኢትዮጵያ የቦታ ስም የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ስለዚህም መዝገቡ ፈራጅ ሊሆን አይገባውም። ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጽፋል እንጂ የማን እንደሆነ አይወስንም። ዳባዲ በመነጽሩና በመዝገበ ቃላቱ መካከል ያየውን ትስስር እኛ በራሳችን ቋንቋ ልንሠራበት እንችላለን።

በውጭ የምንኖረው ሰዎች እዚህ ላይ ከገንዘብ የተለየ ልናዋጣ የምንችለው ነገር አለ። ከመካከላችን የመረጃ ሥርዓት የሚሠሩ፣ በቅየሳ የሠለጠኑ፣ በነጻ የዓለም ካርታ ላይ በፈቃዳቸው የሚጽፉ አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቤታችን ስሞቹን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ፤ ጊዜያቸውን በአብዛኛው በቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋሉ።

ወደ ኦሎምፒክ ጠረፍ የሄድነው በግንቦት መጨረሻ ነው። ከኦዜት ተነሥተን በጫካው ወደ ኬፕ አላቫ ወረድን፤ ከዚያ በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ አቀናን። ጋሼ ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት፤ በየአፍንጫው ቆም እያሉ በካርታው ላይ ስሙ ምን እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር። በጉዟችን መካከል በአንድ ቦታ ላይ ውኃው ከጠበቅሁት ቀደም ብሎ መሙላት ጀመረ። ካርታው የጫካውን መሻገሪያ ያሳየን ስለ ነበር፣ በዛፉ ላይ የተሰቀለውን ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት አይተን ወጣን። ከላይ ሆነን ባሕሩ የተራመድንበትን አሸዋ ሲሸፍነው አየን። «ይህን የጻፈው ሰው እናቱ ትባረክ» አሉ ጋሼ።

የጃናሞራው ሉህ አሁን በማእድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እስካሁን አሥራ አንድ ስሞች በጋሼ እጅ ጽሑፍ ተጨምረውበታል። ዘጠኙ በቀለም የተጻፉ ናቸው። ሁለቱ ግን በእርሳስ ናቸው፤ ጋሼ እርግጠኛ ስላልሆኑ፣ አገር ቤት ያሉትን ታናሽ ወንድማቸውን በስልክ እስኪጠይቁ ድረስ እንዲቆዩ አዘዋል።